መረጃ ሰጪ ቁጥር አንድ

መስከረም 28

ሰበታ። ዝናቡ ገና አልወጣም። ጠዋት ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ ከሰዓት አንድ። ዘጠነኛ ክፍሎችን ስለ ሮም አስተማርኩ። ከተማዋ ውስጥ ከተሰበረ የዘይት ገንቦ ብቻ የተሠራ ኮረብታ አለ ስላቸው ሳቁ። «ቲቸር፣ ያገሩ ገል ሁሉ አንድ ቦታ?» አዎ፣ አንድ ቦታ። ከስፔንና ከሰሜን አፍሪካ በመርከብ የመጣ ዘይት... ዘይቱ ተበላ፣ ገንቦው ተጣለ።

ከሰዓት በኋላ አማካሪዬ ደወሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሁለተኛ ምዕራፍ አንብበውታል። «ሚልኬሳ፣ ንግዱን በደንብ ጽፈኸዋል። ሸክላውን ግን ከዛፍ የተለቀመ አስመሰልከው። ለመሆኑ ሲሠራ አይተህ ታውቃለህ?»

ሱሉልታ ተወልጄ፣ ገበሬ ቤት አድጌ፣ በሸክላ ድስት የተሠራ ወጥ ስበላ ኖሬ... አላየሁም። ዕቃው ገበያ ላይ ነው የነበረው። ሠሪዎቹ ሌላ ቦታ። ሄዶ ማየት የሚባል ነገር እኛ ቤት አልነበረም።

ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ስለ ሮማውያን ሸክላ ሦስት ዓመት አነበብኩ። ጭቃ ነክቼ አላውቅም።

ጥቅምት 2

ቅዳሜ። ቡራዩ ሄድኩ። ገበያው ጥግ ራቢአ የምትባል ሴት ሸክላ ትሸጣለች፤ ከየሠሪው ቤት ትሰበስብና አዲስ አበባ ላሉ ምግብ ቤቶች ታከፋፍላለች። ሲሠራ ማየት እፈልጋለሁ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ጋዜጠኛ ነህ?»

አስተማሪ ነኝ።

«እንግዲያው አዴ ድንቅቱ ጋ ሂድ። እንደሳቸው ያለ እጅ እዚህ አካባቢ የለም።»

ከወንዙ ማዶ፣ ባሕር ዛፍ አጥር ያለው ቤት። አዴ ድንቅቱ አልተነሡም፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። «ኮቱ፣ ታኢ» አሉኝ። ና፣ ተቀመጥ። የተገለበጠ ጋን ላይ ተቀመጥኩ። ልጃቸው ከጎናቸው የድስት አፍ በእርጥብ ቆዳ ታለሰልሳለች። ጂቱ። ሃያ ስድስት ዓመቷ። በአይቲ ዲፕሎማ አላት፣ ሥራ የላትም። ወይም... ሥራማ አላት። እኔ ነኝ የላትም ብዬ የጻፍኩት።

ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አሳየኋቸው። እዚሁ አገር ሰሜን በቁፋሮ የተገኘ የሮማውያን ገንቦ ስባሪ፣ እጀታው ከነአንገቱ። ጂቱ በሁለት ጣቷ ምስሉን አሰፋችው።

«ይሄ ሰውዬ ግራኝ ነው» አለች።

እንዴት?

«እጀታውን ሲለጥፍ አውራ ጣቱ ያረፈበት ጉድጓድ አይታይህም? በቀኝ የሚጫን ሰው ቢሆን ወዲያ ነበር የሚያጋድል።» ትንሽ አየችና ደግሞ፣ «ቸኩሎም ነበር።»

ስለዚያ ስባሪ አራት ጽሑፍ አንብቤያለሁ። ግራኝ መሆኑን የነገረኝ የለም።

ጥቅምት 9

ዛሬም ሄድኩ። ለምርምሩ ነው።

አፈር አስቆፈሩኝ። በጆንያ አሸከሙኝ። ከዚያ ጂቱ ገል አስወቀጠችኝ። የተሰበረ አሮጌ ሸክላ ይወቀጥና ይነፋና አዲሱ ጭቃ ውስጥ ይገባል፤ አለዚያ እሳት ላይ ይሰነጠቃል። ሮማውያኑም አሸዋ፣ አንዳንዴም ገል ይጨምሩ ነበር። በእንግሊዝኛ ስሙን አውቀዋለሁ። ክንድ የሚያሳምም ነገር መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

«መምህር፣ እጅህ የሕፃን እጅ ነው» አለችኝ። አዴ ድንቅቱ እስኪያስላቸው ሳቁ።

ምሳ ቀረበ። እጄ አንድ አፍታ ቆመ። አንድ አፍታ ብቻ። ከልጅነቴ የሰማሁት ሁሉ እጄ ላይ ነው የተቀመጠው መሰለኝ። ጂቱ አይታዋለች። በላሁ። ጎመኑ ጥሩ ነበር።

ጥቅምት 23

የመተኮሻ ቀን። ዕቃው ሜዳው ላይ ተደርድሮ በኩበትና በጭራሮ ተሸፈነ፣ ከላይ ሳር። እሳቱ ሲያያዝ ማንም አያወራም። ከውስጥ «ጧ» የሚል ድምፅ ሲመጣ አዴ ድንቅቱ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንድ እንስራ። ሁለት ሳምንት የለፉበት። «ይኸው» አሉ ብቻ።

እሳቱ እስኪበርድ ለጂቱ ነገርኳት። በሮማውያን ዘመን፣ ዛሬ ፈረንሳይ በሚባለው አገር ደቡብ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አንድ ትልቅ ምድጃ በጋራ ይተኩሱ ነበር። የማን ዕቃ እንደገባ እንዳይምታታ ስማቸውን ሳህን ላይ ጭረው ጽፈዋል። ሳህኖቹ ዛሬም አሉ፤ ስሞቹ ይነበባሉ። ጣሊያን ውስጥ ደግሞ ሠሪው ባሪያ ሳይቀር ስሙ ከጌታው ስም ጋር ዕቃው ላይ ይታተም ነበር።

«የባሪያ ስም?»

አዎ።

«እኛን ገበያ ላይ ምን ብለው እንደሚጠሩን ታውቃለህ?»

አውቃለሁ። ልጅ ሆኜ እኔም ብያለሁ። ይህን አልነገርኳትም።

ኅዳር 8

እሑድ። ሱሉልታ። ለእናቴ ድስት ወሰድኩላት። ጂቱ የሠራችው ነው፤ ክዳኑ ላይ ቅጠል ቀርጻበታለች። «ለእናትህ» ብላ በጋዜጣ ጠቅልላ ነው የሰጠችኝ።

እናቴ አገላብጣ አየችው። «እንዴት ያምራል! ከየት ነው?»

«ከገበያ።»

«ከሠሪዎቹ ቤት አይደለም?»

«አይ፣ ገበያ ላይ ነው የገዛሁት።»

«እሱስ ደህና። ዕቃቸውን መግዛት ምንም አይደል፤ ቤታቸው ግን አትግባ። ዓይናቸው ጥሩ አይደለም፣ ልጄ።»

አባቴ ደጅ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አላሉም። ሲቆጡም ዝም ነው፣ ሲስማሙም ዝም ነው። አገሩ ሁሉ ኦቦ ገርባ ጭምት ሰው ናቸው ይላል። ልጃቸው ሆኜ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዱን ዝምታ ከሌላው መለየት አቃተኝ።

ለምን ዋሸሁ? ማን አስገደደኝ?

ኅዳር 21

ቅዳሜ፣ ጽዮን። በዓል ስለሆነ ሥራ የለም። ከጂቱ ጋር ወደ ገፈርሳ ውሃ ዳር በእግር ሄድን። ስለ ሮማ መርከቦች አወራኋት። ከግብፅ ተነሥተው በቀይ ባሕር ወርደው ሕንድ ድረስ... ወይን በገንቦ፣ ቀይ ሳህን በሣጥን... ብዙ አወራሁ መሰለኝ። ቆም አለች።

«ሚልኬሳ፣ አንተ ስትፈራ ነው ስለ ሮም የምታወራው።»

እጇን ያዝኩ። መዳፏ ሻካራ ነው። የጣቶቿ ጫፍ ግን ልስልስ ያለ፤ ጭቃው አሻራዋን ፍቆታል። ለመታወቂያ ምዝገባ ስትሄድ ማሽኑ አላነብ ብሏት ሦስት ጊዜ ተመላልሳለች። እየሳቀች ነው የነገረችኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

«ለጨዋታ ከሆነ አሁኑኑ ተው» አለች። «እኔ ለጨዋታ ጊዜ የለኝም።»

ለጨዋታ አይደለም አልኳት። እውነቴን ነበር።

ኅዳር 22

ምንም አልሠራሁም። ደስ ብሎኛል። በቃ።

ታኅሣሥ 19

አዴ ድንቅቱ ዛሬ ለብቻዬ ጠሩኝ። ጂቱ ጓዳ ነበረች።

«ልጄ፣ መመላለስ ከጀመርክ ሦስት ወር ሊሆንህ ነው። ጎረቤት ይጠይቀኛል። ምን ልበል?»

«ከጥምቀት በኋላ ሽማግሌ እልካለሁ» አልኩ። ቃሉ በቀላሉ ወጣ። ራሴም ገረመኝ።

«አባትህ ያውቃሉ?»

«እነግራቸዋለሁ።»

እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ጭቃ መሆናቸውን ረስተው። ከዚያ ደንግጠው በቀሚሳቸው ጫፍ ሊጠርጉልኝ ሞከሩ። ይተዉት አልኳቸው። ሰበታ እስክደርስ አልታጠብኩም። ታክሲ ውስጥ አንዲት ሴት ልብሷን ሰበሰበች። ግድ አልሰጠኝም። ዛሬ ጀግና ነበርኩ።

ጥር 18

እሑድ። ሱሉልታ የሄድኩት ልነግራቸው ነው። ከአዲሱ ገበያ ጀምሮ ታክሲ ውስጥ የምናገረውን ስደረድር ነበር። አባዬ፣ አንዲት ልጅ አለች። አባዬ፣ የምነግርዎት ነገር አለ...

ለከብቶቹ ጭድ ሲያቀርቡ አገኘኋቸው። አገዝኳቸው። ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ እናቴ ገና ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። ከዚህ የተሻለ ጊዜ ከየት ይመጣል? አፌን ከፈትኩ።

«ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ነው?» አልኩ።

«ደህና ነው» አሉ።

እናቴ ስትመጣ ስለ ሐኒ አወራችኝ። የጎረቤት ልጅ ነች፤ ነርስ ሆናለች። «ቤተሰቧን እናውቃለን፣ አጥንታቸው ንጹሕ ነው።» እናያለን አልኩ። እናያለን! አንደበቴ ምን ነካው?

ነገ እደውልላቸዋለሁ። በስልክ ይቀላል።

ጥር 19

አልደወልኩም።

ጥር 24

ቡራዩ አልሄድኩም። ፈተና አርማለሁ ብዬ ለጂቱ ጻፍኩላት። የማርመው ፈተና የለም።

«እሺ፣ በርታ» ብላ መለሰችልኝ።

የካቲት 15

ጂቱ ወንበር አወጣችልኝ። እንደ እንግዳ። ጋኑ ላይ ልቀመጥ ስል «ወንበር አለልህ» አለች።

«ነገርካቸው?»

አልነገርኳቸውም። ስለ እናቴ ነግሬሽ የለ... ቀስ በቀስ ነው... ጽሑፉ ይለቅልኝ...

ከዚህ ቀጥሎ ያልኩትን እንዳለ ልጽፈው። ካልጻፍኩት ነገ፣ አይ፣ እንዲያ አላልኩም ብዬ ራሴን አሳምናለሁ። እንዲህ ነው ያልኩት፦

«ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ለጊዜው ነጋዴ ናቸው ብንልስ? ከራቢአ ጋር ትሠሩ የለ፣ ውሸት አይሆንም። ዕቃውን ለአንድ ሳምንት ራቢአ ሱቅ ብናስቀምጠው...»

ስትፍቅበት የነበረው ቆርቆሮ እጇ ላይ ቆመ።

«እናቴንስ የት እናስቀምጣት?»

«እንደዚያ ማለቴ አይደለም።»

«ጓዳ? ወይስ እሷንም ራቢአ ሱቅ?»

ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። አዴ ድንቅቱ ሦስት እርምጃ ርቀው ተቀምጠዋል። ሰምተዋል። ጭቃውን መጠፍጠፍ አላቆሙም፤ ቀስ ብቻ አሉ።

«ሂድ፣ ሚልኬሳ።»

ሄድኩ። ለምን ሄድኩ? ለምን እግራቸው ላይ አልወደቅኩም? አንድ ሰው ሂድ ሲባል ዝም ብሎ ይሄዳል?

የካቲት 16

ስልክ አታነሣም።

የካቲት 20

አታነሣም። መልእክቶቼን ታነባቸዋለች፣ ምልክቱ ይታያል።

የካቲት 29

ቅዳሜ ነው፤ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ከድልድዩ ተመለስኩ። ከባሕር ዛፉ ኋላ ጭስ ይወጣ ነበር። እየተኮሱ ነው። ስንቱ ተሰብሮባቸው ይሆን?

መጋቢት 17

አራተኛውን ምዕራፍ ጨረስኩ። ስለ አሠራሩ ነው። ጂቱ የነገረችኝ ሁሉ አለበት፦ ጭቃው፣ ገሉ፣ እሳቱ፣ አውራ ጣቱ። መጨረሻ ላይ የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር ይገባል። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መረጃ ሰጪ ቁጥር 1፣ ሴት፣ 26 ዓመት፣ ቡራዩ።»

ስም መጻፍ ይቻላል። የሚከለክል ደንብ የለም። ከፊቴ ባሉት መጻሕፍት ውስጥ የሞቱ ሰዎች ስም ሞልቷል፤ ሳህን የሠራ ባሪያ ሁሉ በስሙ ነው የምጠራው። ታዲያ እሷን ለምን ቁጥር አደረግኳት?

አንድ ሰው «ጂቱ ማን ናት?» ብሎ እንዳይጠይቀኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።

መጋቢት 26

አማካሪዬ ምዕራፉን ወደዱት። «ስለ ግራኙ ሠሪ የጻፍከው አዲስ ነገር ነው። አንተ ነህ ያስተዋልከው?»

ዝም አልኩ። ዝምታዬን አዎ ብለው ወሰዱት። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

ቢሮው ውስጥ መስታወት አለመኖሩ በጀኝ።

ሚያዝያ 2

ስለ ፖምፔ ከተማ ሳነብ ዋልኩ። እሳተ ገሞራው የፈነዳ ጊዜ አንድ ቤት ውስጥ ያልተከፈተ ሣጥን ነበር። ዘጠና ያህል ቀይ ጎድጓዳ ሳህኖችና ሠላሳ ሰባት መብራቶች። ሳህኖቹ ከጎል፣ ከዛሬዋ ፈረንሳይ፣ ባሕር ተሻግረው፣ ሳይሰበሩ ደርሰዋል። ባለቤቱ ሣጥኑን ሳይከፍተው አመድ ወረደበት።

ይህን ሣጥን ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ። ዛሬ ግን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ፣ ሰው መሀል፣ አለቀስኩ። ጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሶፍት ሰጠኝ።

ሚያዝያ 12

ፋሲካ። ሱሉልታ። አራት ሰዓት ላይ ራቢአ ደወለች፣ እንኳን አደረሰህ ልትለኝ። ደግ ሴት ናት። አመስግኜ ልዘጋ ስል፣

«ለሠርጉ ትመጣለህ አይደል?» አለችኝ።

«የማን ሠርግ?»

ገበያው ከኋላዋ ይሰማል።

«ያ ረቢ... አልነገሩህም እንዴ? ጂቱ እኮ ለዳግማይ ትንሣኤ ልታገባ ነው።»

ኢፋ ይባላል። የተጂ ልጅ። ብየዳ ቤት አለው፤ እናቱ ሸክላ ሠሪ ናቸው። መጋቢት ላይ ሽማግሌ ልኮ ተፈቀደለት። ራቢአ ይህን ሁሉ ነገረችኝ፤ እኔ እሺ፣ እሺ ስል ነበር።

ከቤቱ ኋላ፣ የጭዱ ክምር ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። እንደ ልጅ አለቀስኩ። አባቴ መጡ። ምን ሆንክ አላሉም። አጠገቤ ጭዱ ላይ ተቀመጡ።

ነገርኳቸው። ሁሉንም። በኦሮምኛ ነው የነገርኳቸው፤ ወራት ሙሉ በአማርኛ የደረደርኩት ቃል ሁሉ አልመጣ አለኝ። ድስቱን፣ ውሸቴን፣ ራቢአ ሱቅ እናስቀምጠው ያልኩትን... አንድም አልተውኩም። ስጨርስ ጠየቅኳቸው።

«በጥር ነግሬዎት ቢሆን እምቢ ይሉኝ ነበር?»

«አላውቅም» አሉ። «መቆጣቱን እቆጣ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቀውም። አልጠየቅኸኝማ።»

ጭድ ከጋቢያቸው ላይ ለቀሙ።

«ሠርጉ መቼ ነው?»

«እሑድ።»

«እንግዲያው ነገ እንሄዳለን።»

«አባዬ፣ አልቋል እኮ። ምን ልናደርግ?»

«ልጄ ሰው ቤት አጥፍቶ ወጥቷል» አሉ። «እኔ ልግባበት።»

ሚያዝያ 13

ነጩን ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። እናቴ በር ላይ ቆመች።

«በዓውደ ዓመት የት ነው?»

«ሰው ቤት።»

«የማን ቤት?»

ነገሯት። በሁለት እጇ አፏን ያዘች። «አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ስማችንን ልታጠፋ ነው?» አባቴ ቆም ብለው አዩዋት፤ ከዚያ መንገድ ጀመሩ። እኔ ኋላ ኋላ።

አስኮ ስንደርስ ብቻ፣ «ሴትዮዋ ማን ይባላሉ?» አሉኝ።

«አዴ ድንቅቱ።»

ግቢው ውስጥ የዳስ እንጨት ተከምሯል። አዴ ድንቅቱ አባቴን ሲያዩ ተነሡ። ሲነሡ ሳያቸው ለመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፤ አጭር ሴት ናቸው፣ አላውቅም ነበር። አባቴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «አካም ጅርቱ» ተባባሉ። «ባጋ ነጋን ዱፍተን» አሉ አዴ ድንቅቱ፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ምግብ አቀረቡ። አባቴ እጃቸውን ታጠቡና በሉ። እጃቸው አልቆመም። ሳያቸው ነበር፤ አልቆመም።

ከበሉ በኋላ ተናገሩ።

«ልጄ ያጠፋውን ይዤ ነው የመጣሁት። ልጅዎን ልጠይቅ አይደለም፤ ጊዜው እንዳለፈ ነግሮኛል። ግን በእናንተ ያፈረው ቤተሰቡ ነው ተብሎ እንዳይቀር። ያፈረው እሱ ነው። እኔ ሳልጠየቅ ነው የቀረሁት። ይቅር በሉን።»

አዴ ድንቅቱ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። «በጥር መጥታችሁ ቢሆን ኖሮ...» አሉ፤ አልጨረሱትም።

ጂቱ ከጓዳ ወጣች። እጇ በእንሶስላ ቀልቷል። ጭቃ የሌለበት እጇን ሳይ የሌላ ሰው መሰለኝ። የአባቴን ትከሻ ሳመች።

«አባባ፣ ስለመጡ አመሰግናለሁ። እግርዎን አደከምኩ። ለኢፋ ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ቃል ከተሰጠ ተሰጠ፣ ልጄ። ደህና ሰው ነው?»

«ሲመጣ እናቱን ይዞ መጣ» አለች።

አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መረቋት። እኔ ግድግዳው ጋ ቆሜያለሁ። ልትሰድበኝ ጠበቅኩ። ብትሰድበኝ ደስ ባለኝ። ወደ እኔ ዞረች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«አባትህ እንዲህ ያሉ ሰው መሆናቸውን ለምን አልነገርከኝም?»

እኔም አላውቅም ነበር።

ስንመለስ አስኮ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆምን። ሰልፉ ረጅም ነበር። አባቴ ከዘራቸውን ተደግፈው መሬት መሬት ሲያዩ ቆዩ።

«እኔ ነኝ ያስፈራሁህ?» አሉኝ።

አሁን ስጽፈው እንኳን መልሱን አላገኘሁትም።

ሚያዝያ 19

ከቡራዩ ተጂ የሚወስደው መንገድ በሰበታ ነው የሚያልፈው። በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ዳግማይ ትንሣኤ ስለሆነ ሠርጉ ብዙ ነው፤ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ መኪና በጥሩምባ ሲያልፍ ነበር። አንዱ መጣ፣ ሄደ። ሌላው መጣ፣ ሄደ። የትኛው የእሷ እንደሆነ አላወቅኩም። እያንዳንዱ ሲያልፍ የእሷ ነው አልኩ።

ግንቦት 11

አማካሪዬ ቢሮ ሄጄ እውነቱን ተናገርኩ። ግራኝነቱን ያየሁት እኔ አይደለሁም፤ የምዕራፉ ግማሽ የእኔ አይደለም። ስሟን ልጽፍ እፈልጋለሁ አልኩ። መነጽራቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«ፈቃዷን ጠይቀሃል?»

አልጠየቅኩም። አሁንም ሳልጠይቅ!

ለራቢአ ደወልኩ። እኔ በቀጥታ መደወል አልችልም፤ የሰው ሚስት ናት። «እጠይቅልሃለሁ» አለችኝ። «ግን ተስፋ አታድርግ።» ምን ተስፋ አለኝ።

ግንቦት 15

ራቢአ ደወለች። ጂቱ ያለችውን እንዳለ ነገረችኝ።

«የእናቴን ስም ይጻፍ። የእኔን ይተወው።»

«ያየችው ግን እኮ እሷ...»

«ነገርኳት። እኔን ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ደብቂያት ያለኝም እሷን ነው፤ እሷን ይጻፍ ብላለች።»

ቁጥር አንድን ሰረዝኩ። በቦታው ጻፍኩ፦ «ድንቅቱ ጃለታ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ቡራዩ።» ጂቱ የትም የለችም። ሙሉውን ጽሑፍ ፈለግኩት፤ አንድም ቦታ የለችም።

ሰኔ 13

ዓርብ። የመመረቂያ ጽሑፌ ዲፌንስ። አባቴ መጡ። ያለቻቸውን አንድ ኮት ለብሰው ኋላ ወንበር ላይ፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። እናቴ አልመጣችም። ከፋሲካ ወዲህ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው ስለ ምግብ ብቻ ነው። ሐኒን አላገባም አልኳት፤ ምክንያቱንም ነገርኳት። ገና አልበረደላትም። ይብረድላት አይብረድላት አላውቅም፤ ግን ነግሬያታለሁ።

ሁለት ሰዓት ያህል በእንግሊዝኛ አወራሁ። ሮም፣ ጎል፣ ቀይ ባሕር። ከፈታኞቹ አንዱ ገጹን ገልጠው ጠየቁኝ። «ድንቅቱ ጃለታ ማን ናቸው? እንዲህ ያለ ዓይን ያላቸውን ሰው እንዴት አገኘሃቸው?»

የቡራዩ ሸክላ ሠሪ መሆናቸውን፣ ከማንኛውም መጽሐፍ በላይ ያስተማሩኝ እሳቸውና ቤታቸው መሆናቸውን ተናገርኩ። እንዴት አገኘሃቸው የሚለው ቀረ። እንግሊዝኛው ጠፋኝ። በአማርኛ ወጣ።

«ልጃቸውን ላገባ ነበር። እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው ብዬ ፈርቼ ሳልጠይቅ ቀረሁ።»

ፈታኙ ወረቀታቸውን አስተካከሉ። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። አለፍኩ፤ በጣም ጥሩ ተባልኩ፣ እጄን ጨበጡኝ።

ደጅ አባቴ ይጠብቁኝ ነበር። ዝናብ ጀምሯል።

«እንግሊዝኛው አልገባኝም» አሉ። «ስማቸውን ግን ሰማሁ። በአማርኛ ያልከውንም ሰማሁ።»

ክንዴን ያዙ። ታክሲው ድረስ እንደያዙኝ ሄድን። እሳቸው ወደ ሱሉልታ፣ እኔ ወደ ሰበታ።

አሁን ቤት ነኝ። አሥራ አንድ ሰዓት። ልብሴ አልደረቀም። ሰዎች ይደውላሉ፣ እንኳን ደስ አለህ ይላሉ፤ አመሰግናለሁ እላለሁ።

ነገ ቅዳሜ ነው። የምሄድበት የለኝም።